የባለእጁ ጭድ

በ1960 ዓ.ም. ሠላሳ ዓመቴ ነበር። ሁለት በሬ፣ አንዲት ሚስትና ከቁሐር ሚካኤል በታች ክረምት ውኃ የሚተኛበት መሬት ነበረኝ። ምላስም ነበረኝ። ያሳሰረኝ እሱ ነው።

ግንቦት ላይ መሬት የሚለኩ ሰዎች ገመድ ይዘው መጡ። ሽማግሎቻችን ከሾላው ሥር ተሰብስበው፣ ድንበር የሚያሳይ ሰው እንዳይኖር ተማምለው ነበር። ማንም አይናገርም፣ ማንም አይሳደብም፣ ዝም ብሎ መቆም ብቻ። እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አልችልበትም። የለኪዎቹ አለቃ ግብሩ እንዴት እንደሚታሰብ ሲያስረዳ እጄን አወጣሁና፣

"ጌታዬ፣ ይሄ መሬት ግማሽ ዓመት የኛ ነው፣ ግማሽ ዓመት የውኃው ነው። ግብሩን ስትጽፉ የውኃውን ድርሻ ለውኃው ላኩለት" አልሁት።

ሰው ሳቀ። የተማማሉት ሽማግሎችም ሳቁ። አለቃው አልሳቀም። በማግስቱ በሬ ጠምጄ ሳለሁ ሁለት ፖሊሶች መጡ። በሬዎቹን ከቀንበር እንድፈታ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም፤ የፈታቸው ጎረቤቴ ነው። ወደ ወረታ ስንሄድ አንደኛው ፖሊስ ጥፋቴን ነገረኝ።

"ሕዝብ አሳምጸሃል።"

"ያሳቅሁ መስሎኝ" አልሁት።

"እሱ ነው የባሰው" አለኝ።

ያሰሩን ቤት አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወለሉ ያው የፎገራ ጥቁር አፈር። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ ሽታው ነበር፤ እርጥብ ጭድ፣ ላብ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠ የሽንት ጣሳ። ከእኔ ጋር ዐሥራ ሁለት ሆንን። አብዛኞቹ እንደኔ በመሬት ልኩ ነገር የመጡ ገበሬዎች ናቸው። ከእስረኛው መሀል ክፍሉን የሚያዝ አንድ ጎልማሳ አለ፤ ካቦ እንለው ነበር። ቤተሰብ ያመጣውን ጭድ ሁሉ አንድ ላይ አንጥፎ፣ ለእያንዳንዱ ሰው የሚተኛበትን በእጁ ይለካል።

"ለኪ ሸሽቼ ለኪ ገጠመኝ" አልሁት በመጀመሪያው ቀን።

"አንተን ምን እንዳሳሰረህ አሁን ገባኝ" አለኝ።

ጭዱን እንዲሁ አትዩት። በዚያ ቤት ጭድ ማለት ሕይወት ነው። ቆርቆሮው ዝናቡን ይመልሳል፣ ውኃው የሚመጣው ግን ከታች ነው። ጥቁር አፈር የጠጣውን መልሶ ይተፋል። ሐምሌ ሲገባ ወለሉን በጣትህ ስትነካው ውኃ ያቁራል። ሰው ደረቅ የሚያድረው ከሥሩ ባለው ጭድ ልክ ነው።

በበሩ ሥር ለብቻው የሚተኛ አንድ ሰው ነበር፤ ብረት ቀጥቃጭ። በኛ አገር እንዲህ ያለውን ባለእጅ እንለዋለን። ማረሻችንን የሚሠራልን እሱ፣ ማጭዳችንን የሚሞርድልን እሱ፣ ከማዕዳችን የማናቀርበውም እሱ። ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ቡዳ ነው ይባላል። እኔም አምን ነበር። አላምንም ነበር ብዬ አሁን አልዋሽም። ዕድሜው ከአባቴ ዕድሜ ይበልጣል፤ ዐሥራ አንዳችንም "አንተ" እያልን ነበር የምንጠራው። ያሰሩት የሽፍታ ጠመንጃ ጠግነሃል ብለው ነው። ሲመረምሩት፣ "የተሰበረ ጠመንጃ ጌታው ማን እንደሆነ አይናገርም። እኔም አልጠይቀውም" ብሎ መልሷል ይባላል።

ከኛ ጭድ ላይ አላስጠጋነውም። ሚስቱ ሸክላ ሠሪ ናት፤ እንስራ የምትተኩስበትን ጭድ በጀርባዋ ተሸክማ አመጣችለት። ደረቅ፣ ቢጫ፣ ወፍራም የጤፍ ጭድ። እኛ ከዐሥራ አንድ ቤት ያዋጣነው ከሱ አይወፍርም ነበር።

በየሁለት ቀኑ ጠዋት ምግብ ታመጣለታለች። እንጀራ በጓያ ሽሮ ነው። ትሪውን ጭኑ ላይ አድርጎ ሁልጊዜ ወደኛ ዞር ይልና፣ "እንብላ" ይላል። በኛ አገር በሰው ፊት እንብላ ሳይሉ መብላት ነውር ነው። እኛም፣ "ብላ፣ ይባርክልህ" እንልና ዓይኑ እንዳያገኘን ፊታችንን ወደ ግድግዳው እናዞራለን። ማንም እንደማይመጣ ያውቃል። ቢያውቅም ጥቂት ይጠብቃል። ከዚያ ይበላል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ጠዋት በግቢው የመጋዝና የመዶሻ ድምፅ ሰማን። ካቦው በበሩ ስንጥቅ አጮልቆ አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

"ሣጥን እየሠሩ ነው" አለ። "የሰው ቁመት የሚያህል። ሦስት።"

 ካቦው በዓይኑ ሲቆጥረን አየሁት። ያን ጊዜ ባለእጁ በተራው አጮለቀ።

"የሬሳ ሣጥን አይደለም" አለ። "ታች የለውም። ሬሳው ይወድቃል።"

 እኔ ሳቄን ዋጥሁት።

ነገሩ እንዲህ ነበር። የእስር ቤቱ አዛዥ አንድ ሃምሳ አለቃ ነው። ግቢው ውስጥ ጎመን ሁለት ጊዜ ተክሎ ሁለት ጊዜ ሰምጦበታል፤ ጥቁሩ አፈር ውኃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሰዋል። በከተማ ከመሬት ከፍ ብሎ በሳንቃ የታጠረ የአትክልት መደብ አይቶ ኖሮ፣ ከአሮጌ ሳንቃ ሦስት አሠራ። ቁመታቸው እስከ ጉልበት፣ ርዝመታቸው አንድ ሰው ተጋድሞ የሚበቃው። ከደብረ ታቦር አንድ ትልቅ ሰው ግቢውን ሊጎበኝ ይመጣልና አረንጓዴ ነገር ማሳየት ፈልጓል። እኛን ገበሬዎቹን ከክፍሉ አስወጣን፤ ባዶዎቹን መደቦች ከበን ቆምን።

"ከጣራ ገዳም ግርጌ ቀይ አፈር ላስመጣ ነበር" አለን። "ባለ አህያዎቹ የጠየቁኝን ብከፍል አህያዎቹን ራሳቸውን እገዛ ነበር። በምን ይሞላል?"

ሁሉም መሬት መሬት አየ። እኔ አልቻልሁም።

"ጌታዬ፣ ይሄን ሁሉ ሆድ በቀይ አፈር መሙላት ምን ይባላል?"

"ምን ይባላል?"

"ሞኝነት።"

ዘበኛው ዱላውን አነሣ። ሃምሳ አለቃው በእጁ መለሰው። "ተወው ይናገር። በመናገር አይደል የታሰረ።"

ነገርሁት። የጎመን ሥር ስንዝር ነው፣ ቢበዛ ስንዝር ከጋት። ጥሩ አፈር የሚያስፈልገው ለዚያች ስንዝር ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው መሙያ ነው። ከሁሉም በታች የበሰበሰ ግንድ፣ ከላዩ የማሽላ አገዳ፣ ከዚያ የፈረሰ ቤት ክዳን ሣር፣ ከዚያ እበትና ጭድ ተለውሶ፣ አመድ ተነስንሶበት። መሙያው ውኃውን ወደታች ያሳልፋል፣ ውሎ አድሮም ራሱ አፈር ይሆናል። ጎርፍ በሚደርስበት ጓሮ ሁሉ የኛ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው።

"የላዩ አፈርስ?" አለኝ።

"በየቦዩ ዳር ጎርፍ ጥሎት የሄደ ደለል ሞልቶ የለ? ውኃው ግማሽ ዓመት መሬታችን ላይ ሲተኛ የሚከፍለን ኪራይ እሱ ነው።"

ሃምሳ አለቃው ትንሽ ፈገግ አለ። "ይሄ ነው ሕዝብ ያሳመጸው ምላስ? በል ሙላልኝ። ትልቁ ሰው አይቶ ከወደደ እኔ ራሴ እነግርልሃለሁ። ለጓያ ዘር አገርህ ትገባለህ።"

ያኔ ፎገራ ሩዝ አያውቅም። የኛ ተስፋ ጓያና ሽምብራ ነው፤ ውኃው ሲሸሽ፣ መስከረም ላይ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ይዘራል። ያ ጊዜ ካለፈ ዓመቱ አለፈ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ስለዚህ ሃምሳ አለቃው ያችን ቃል ሲላት እጅጌዬን ሰበሰብሁ።

አራት ቀን ሠራን። ባሬላ ይዘን የሻገተ የአጥር ግንድ አመጣን፣ የፈረሰውን ማድ ቤት ክዳን አመጣን፣ የሃምሳ አለቃውን በቅሎ ጋጣ እስከ ወለሉ ጠረግን። እኔ ነበርሁ የማዝዘው፤ ይሄን አታጥብቀው፣ ያን ረግጠው፣ እበቱን መጀመሪያ አርሰው። ከታሰርሁ ጀምሮ እጄ የሚያውቀውን ሥራ ሲሠራ የመጀመሪያው ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር። ስጽፈው ያሳፍረኛል፣ ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁለቱ መደቦች ሞሉ። ሦስተኛው ግማሽ ላይ ቀረ። እበት አለ፣ ጭድ ግን አለቀ። በሐምሌ ጭድ ከየት ይመጣል? ያለውን ከብት በልቶታል። ሃምሳ አለቃው መጥቶ ቆመ።

"ምን ጎደለ?"

"ጭድ ጌታዬ። እበት ያለ ጭድ ይጨቀያል እንጂ አይበስልም።"

ዞር ዞር ብሎ ፈለገ። ከዚያ ዓይኑ በተከፈተው የክፍላችን በር ላይ አረፈ።

"እናንተ የምትተኙበትስ?"

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ ለመንግሥት ሰው ስለ ውኃ ድርሻ የተናገርሁ ሰው ነኝ። "አይሆንም፣ ሰው ይሞትበታል" ማለት ምን ያቅተኛል? ጓያው ዓይኔ ላይ መጣ። ሚስቴ መጣችብኝ። ዝም አልሁ። አፌ በዕድሜዬ በሚያስፈልግ ጊዜ መጀመሪያ የተዘጋው ያን ቀን ነው።

"ከጭዳችሁ አንድ ሸክም ታወጣላችሁ" አለና ሄደ። ከማን እንደሚወጣ አልተናገረም። ያንን ለኛ ተወልን።

ወደ ክፍሉ ገባንና ካቦው ነገሩን አወራ።  ንግግሩን ሲጨርስ ዐሥራ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ በሩ ሥር አየ። እኔም አየሁ።

ባለእጁ ተነሣ። ጭዱን በሁለት እጁ ሰብስቦ ጠቀለለው፣ በመቀነቱ አሰረው፣ ወደ እኔ ገፋው።

"ውሰደው" አለኝ። "ዕድሜ ልኬን ወናፍ ፊት ተቀምጫለሁ። ሙቀት ጠግቤአለሁ።"

ወሰድሁት። ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከእበቱ ጋር አቦካሁት፣ ረገጥሁት፣ አመድ ነሰነስሁበት፣ ከላዩ ስንዝር ደለል አለበስሁት። መቀነቱን ስመልስለት ተቀበለኝና ወገቡን አሰረ።

ከዚያ ወዲያ አምስት ቀን ዶፍ ዘነበ። ባለእጁ በባዶው መሬት ላይ አንድ ጆንያ አንጥፎ ይተኛል። ጆንያው በሁለተኛው ቀን እንደ ጨርቅ ራሰ። በሦስተኛው ቀን ሳል ጀመረው። በአራተኛው ትከሻው መንቀጥቀጡን አላቆመም። በየሌሊቱ እሰማዋለሁ። ዐሥራ አንድ ሰው ይሰማዋል፣ ሁሉም የተኛ ይመስላል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ሥር ተቀምጦ በስንጥቁ ያያል። ሦስተኛው መደብ ይጨስ ነበር። ትኩስ እበትና ጭድ ሲገናኝ በሦስትና በአራት ቀን ይግላል፤ በብርዱ ላይ እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

"አየኸው?" አለኝ። ሳሉ እስኪተወው ጠበቀ። "ከሰል የለው፣ ወናፍ የለው። ጭዴ ከኔ ይልቅ ሞቆታል።"

ቂም አልነበረበትም። ሥራ አይቶ እንደሚያደንቅ ሰው ነው ያለው። ለዚህ ነው የወጋኝ።

በዚያው ቀን ሃምሳ አለቃው የጎመን ችግኝ አስመጣ። ትልቁ ሰው በማግስቱ ረፋድ ላይ ይመጣል። ሁለቱን መደቦች ተከልን። ሦስተኛው ጋ ስደርስ እጄን እስከ ክርን አስገባሁት፤ እንደ ላም ጎን ይሞቃል።

"ጌታዬ፣ ይሄኛው አልበሰለም። ገና እሳት ነው። ሁለት ሳምንት ይቆይ፤ አሁን ከተተከለ ሥሩ ይቃጠላል።"

"ነገን አረንጓዴ ሆኖ ይዋል" አለኝ። "ከነገ ወዲያ ቢፈልግ ይቀቀል።"

ተከልሁት። አንዱን ችግኝ ከአንዱ አስተካክዬ፣ በመስመር።

በማግስቱ ገና ሲነጋ ዘበኛው ለሽንት በሩን ከፈተ። በዕድሜ የገፋ፣ የሊቦ ሰው ነው፤ ክፉ አልነበረም። ሰው በየተራ ይወጣል። እኔ በባለእጁ በኩል ሳልፍ ቆምሁ። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር። ዓይኑ ተከፍቷል፣ ግን የሚያየኝ አይመስልም። ግንባሩን ነካሁት። ከመጣሁ ጀምሮ ከእኛ አንዱ ሲነካው የመጀመሪያው ነበር። እንደ ወለሉ ይቀዘቅዛል።

ለካቦው፣ "አንድ ወገን ያዝልኝ" አልሁት።

"ምኑን?"

"ይሄን ሰውዬ።"

"አብደሃል? ልጅ እየጠበቅህ?"

ጎንበስ ብዬ አዘልሁት። እንዲያ ቀላል ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ ሰው ይከብዳል ብዬ ነበር። በር ላይ ዘበኛው አቆመኝ።

"ወዴት ነው?"

"ለሽንት።"

"እሱስ?"

"ለሽንት።"

"ታዝሎ?"

"እግሩ እምቢ ብሎት።"

ዘበኛው አየኝ። ከዚያ ወደ ሰማይ አየና፣ "ዛሬም ሊዘንብ ነው" አለ። አለፍሁ።

ሦስተኛው መደብ ላይ አጋደምሁት። ሳንቃው በልኩ የተሠራ ይመስል እግሩም ራሱም ገባ። ችግኞቹ ሥሩ ተጨፈለቁ፤ ሲሰበሩ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ሃምሳ አለቃው ያለኝን፣ ጓያውን፣ ሚስቴን ያን ጊዜ አላሰብሁም ብል ውሸት ነው። አሰብኋቸው። በጎንና በጎኑ ያለውን ሞቃት ደለል በእጄ እየዛቅሁ እግሩን፣ ሆዱን፣ ደረቱን አለበስሁት። እንፋሎቱ በዙሪያው ይወጣል። ጋቢዬን ከላይ ጣልሁበት።

ፀሐይ ስትወጣ መንቀጥቀጡ ቆመ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ። ዓይኑን ገለጠና ግራና ቀኙን አየ፣ ጆሮው ጋ የቀረችውን አንዲት ችግኝ አየ።

"ተከልኸኝ?" አለኝ።

ሃምሳ አለቃው ያን ቀን በጠዋት ነው የመጣው። ጫማውን አስወልውሏል፤ ለእንግዳው። መደቡን ሲያይ እርምጃው ተገታ። እስረኛው ሁሉ በሩ ላይ ተኮልኩሎ ያያል።

"ማነው ያስተኛው?"

"እኔ ነኝ ጌታዬ።"

"በመንግሥት አትክልት ላይ?"

"በአትክልቱ ላይ አይደለም" አልሁት። "ከሥር ያለው ጭድ የእሳቸው ነው። ሚስታቸው በጀርባቸው ተሸክመው ያመጡት ነው። እሳቸው የተኙት በገዛ ጭዳቸው ላይ ነው።"

ሃምሳ አለቃው መደቡን አየ፣ እኔን አየ። ዘበኛው አሁንም ሰማዩን ያያል። ያን ጊዜ ከመደቡ ውስጥ ደካማ ድምፅ መጣ።

"ጎመኑን ይቅርታ በሉልኝ።"

በሩ ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላ። ካቦው ጭምር። ሃምሳ አለቃው የመደቡን መበላሸት ይችለው ነበር ይሆናል፣ ሳቁን ግን አልቻለም። የለኪዎቹም አለቃ እንደዚያው ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረጉኝን በዝርዝር አልጽፍም። ግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም። ትልቁ ሰው አልመጣም። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ከደብረ ታቦር ሳይነሣ ቀረ። የሦስተኛው መደብ የተረፉት ችግኞች እስከ ማታ ጠወለጉ፤ ነግሬው ነበር።

ማታ ወደ ክፍሉ ሲመልሱኝ ባለእጁን ከበሩ ሥር፣ ከዚያው ከባዶው መሬት ላይ መልሰዋቸው አገኘሁ። ከጋራው ጭድ ድርሻዬን በክንዴ አቅፌ ማንሣት ጀመርሁ።

"የጋራ ነው" አለኝ ካቦው።

"ድርሻዬን ነው የማነሣው። ልካው፣ ትችልበት የለ?"

አልለካም። በሩ ሥር አነጠፍሁት። ለሁለት ሰው አይበቃም፣ በጎን በጎን ከተኙ ግን ይሆናል። ጀርባቸው ጀርባዬን ሲነካው ይሰማኝ ነበር። ሳላቸው አልጠፋም፣ ግን ከሳሉ መሀል እንቅልፍ ነበረበት።

ለጓያ ዘር አልደረስሁም። ጎረቤቶቼ ዘሩልኝ። የተፈታሁት በሚቀጥለው ዓመት ነው፤ ልጄ በእግሯ ቆማ ደረስሁ። ባለእጁን ግን ከመደቡ ነገር በኋላ በዚያው ሰሞን ወደ ጎንደር ወሰዷቸው። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወረታ ገበያ ላይ ሚስታቸውን አየኋቸው፤ ሸክላቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። አንድ እንስራ ገዛሁ። አላወቁኝም። ባለቤትዎ ዳኑ ወይ ልላቸው አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። አፌ ሁለት ጊዜ ነው የከዳኝ፤ አንድ ጊዜ ያ ጭድ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ጊዜ ያች ገበያ ላይ። ሌላውን ሁሉ ተናግሬአለሁ፣ ተመትቼበታለሁም፤ አይቆጨኝም። እነዚህ ሁለቱ ይቆጩኛል።

አሁን ሰማንያን አልፌአለሁ። ፎገራ ሩዝ ሆኗል። የልማት ሠራተኞች ኮምፖስት እንዴት እንደሚሠራ ሊያስተምሩን ይመጣሉ፤ ዝም ብዬ እሰማለሁ፣ ንግግራቸው ይረዝማል እንጂ የማውቀው ነው። ጓሮዬ ውስጥ ከፍ ያሉ መደቦች አሉኝ። ታቹን ያገኘሁትን ሁሉ እሞላበታለሁ፤ ግንድ፣ አገዳ፣ ገለባ። ጭድ ሳስገባ ግን ከማን እንደመጣ ሳልጠይቅ አላስገባም። ቤተሰቦቼ ሽማግሌው ነዘነዘ ይላሉ። መደቡ መጨስ ሲጀምር እጄን እስከ ክርን አስገብቼ እቆያለሁ።

ያን ሌሊት አብረን ባደርን ማግስት ጠዋት ሚስታቸው ምግብ ይዘው መጡ። ባለእጁ ተደግፈው ተቀመጡ፣ ትሪውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፣ እንደልማዳቸው ወደኛ ዞር አሉና፣

"እንብላ" አሉ።

ዐሥሩ ሰው፣ "ይባርክልህ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እሳቸው ጥቂት ጠበቁ።

እኔ ውኃ በቅል ቀዳሁ፣ እጄን ታጠብሁ፣ ሄጄ ከፊታቸው ተቀመጥሁ።